ሻካራ ድምፅ ከንጹሕ አምፕሊፋየር፦ የአንድ ጥፋት ታሪክ

ባለፈው መሰባሰባችን ማታ ከመድረኩ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ የነበራችሁ ሁሉ ይቅርታ አድርጉልኝ ብዬ ልጀምር። ባንዳችን ሁለተኛውን ዘፈን ሲጀምር እጆቻችሁ ወደ ጆሯችሁ ሲሄዱ አይቻለሁ። የምንወዳቸው የፊዚዮሎጂ መምህራችን ሰሐናቸውን ይዘው ወደ በሩ ሲያፈገፍጉም አይቻለሁ። ጥፋቱ የከበሮ መቺያችን አይደለም፣ የዘፋኛችንም አይደለም፤ የኔ ነው። ከተማሪነት ዘመናችን ጀምሮ ከቤት ቤት ሲንከራተት የኖረውን ያንን ግዙፍ ፌንደር ትዊን ሪቨርብ አምፕሊፋየር ቮልዩሙን 7 ላይ አድርሼው ነበር። ጩኸት ፈልጌ አይደለም። ጊታሩ ትንሽ ሻከር፣ ጎርነን እንዲልልኝ፣ ሙዚቀኞች ኦቨርድራይቭ የሚሉት ዓይነት ድምፅ እንዲወጣው ፈልጌ ነው። ያገኘሁት ግን ንጹሕ ሆኖ ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ሆነ።

ከዚያ ማታ በኋላ ግራ ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት ሦስት ቀን አላቋርጥ አለ። የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም የሆነችው የክፍላችን ልጅ ጎትታ ወስዳ መረመረችኝና ወረቀቱን እጄ ላይ አስቀመጠችው። 4,000 ኸርዝ ላይ ሁላችንም ለፈተና የሸመደድነው ያ ጉድጓድ ቁጭ ብሏል። «ለታካሚ የምትነግሪውን ራስሽ ብትሰሚው ምን ነበረበት?» አለችኝ። ምን እላለሁ? ዝም አልኩ።

ዘንድሮም እንድንጫወት ተጠይቀናል። የመታሰቢያ መጽሔቱ አዘጋጆች ደግሞ «ታሪክ ነክ ነገር ጻፊልን» አሉኝ። ዓመቱን ሙሉ ከተረኛነት መልስ ማታ ማታ ሳነብ የከረምኩት ስለዚሁ ጉዳይ ስለሆነ፣ ሌላ ታሪክ ከየት አመጣለሁ? ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ንጹሕ እንዲሆን ተብሎ ከተሠራ የቫልቭ አምፕ፣ አዳራሽ ሳያስለቅቁ ጥሩ ሻካራ ድምፅ እንዴት ይወጣል? (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ቫልቩ። ራዲዮሎጂ አታችመንት ላይ ያያችሁትን የኤክስሬይ ቱቦ አስታውሱ። ዊልያም ኩሊጅ በ1913 ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ ያወጣው ቱቦ የሚግል ክር አለው፤ ክሩ ሲግል ኤሌክትሮኖች ይለቀቃሉ፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ ተስበው ከማዶው ብረት ጋር ይላተማሉ። የጊታር አምፕ ቫልቭ የዚያ ቱቦ የቅርብ ዘመድ ነው። አየር የወጣለት ብርጭቆ፣ የጋለ ብረት፣ ከማዶ የሚስብ ብረት። እንግሊዛዊው ጆን አምብሮስ ፍሌሚንግ በ1904 የመጀመሪያውን ሲሠራ ቫልቭ ያለው ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያሳልፍ ነው፤ እንደ ልባችን ቫልቭ ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት በሁለቱ መካከል ወንፊት መሳይ ሦስተኛ ብረት ጨመረ። ወንፊቱ ላይ የሚደርስ ጥቂት ቮልቴጅ ትልቁን የኤሌክትሮን ጅረት ያበዛዋል፣ ያሳንሰዋል። ማጉላት ማለት ይኸው ነው።

የጊታሩ ሞገድ ከልክ በላይ ሲሆንስ? ቫልቩ የሚችለውን ያህል ብቻ ይሰጣል። በላይ በኩል ወንፊቱ ራሱ ኤሌክትሮን መጉረስ ይጀምራል፤ በታች በኩል ጅረቱ ጭራሽ ይቋረጣል። በኦሲሎስኮፕ ብታዩት ሾጣጣ ተራራ የነበረው ሞገድ አምባ ይሆናል። ጥሩ የቫልቭ አምፕ ላይ የአምባው ጠርዝ ለስለስ ያለ ነው፤ እየተገፋ ሲሄድ ቀስ እያለ ይጠፈጠፋል። አናቱ የተጠፈጠፈ ሞገድ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ 110 ኸርዝ ላይ የተመታ ክር 220፣ 330፣ 440 እያለ ተከታዮቹን አጠንክሮ ያመጣል። ድምፁ የሚወፍረውና የሚሻክረው በዚህ ነው። ከዚህም ሌላ የበረታው ስለተቆረጠና ደካማው ስላልተነካ ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ ክሩም ረዘም ላለ ጊዜ ሲዘፍን ይሰማል። ጊታሪስት የሚወደው ይህን ነው።

መሐንዲሶቹ ግን ይህን አይወዱም ነበር። ለነሱ መዛባት በሽታ ነው። በ1927 የቤል ላቦራቶሪው ሃሮልድ ብላክ ለስልክ መስመር መድኃኒቱን አገኘለት፤ ከውጤቱ ጥቂቱን ገልብጦ ወደ መግቢያው መመለስ። ኔጌቲቭ ፊድባክ። አዎ፣ ኢንዶክሪን ላይ ስንጨነቅበት የኖርነው ያው ነገር ነው። ካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን ውስጥ ሬዲዮ ይጠግን የነበረው ሊዮ ፌንደርም ጊታር መጫወት ባይችልም (ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል) ንጹሕ ድምፅ ማለት ምን እንደሆነ አሳምሮ ያውቅ ነበር። ደንበኞቹ ንጹሕና ጮክ ያለ ነገር ይፈልጋሉ፤ እሱም ሰጣቸው። በ1963 የወጣው ትዊን ሪቨርብ የዚህ ሐሳብ ጫፍ ነው፤ 85 ዋት፣ ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከር፣ ጎን ለጎን የሚያነሱት ሁለት ሰዎች ወገብ የሚፈትን ክብደት። ፊድባኩ እስከ መጨረሻው ንጹሕ አድርጎ ይይዘዋል፤ ማምለጥ ሲጀምር ደግሞ በአንድ ጊዜ ያመልጣል። እኔ 7 ላይ የደረስኩት እዚህ ድንበር ላይ ነው። ድንበሩ ላይ ስደርስ አዳራሹ አልቆ ነበር።

እንግዲህ ሻካራው ድምፅ ወደ ሙዚቃ የገባው በመሐንዲሶች ፈቃድ ሳይሆን በአደጋ ነው። መጋቢት 1951 ሜምፊስ ውስጥ የአይክ ተርነር ባንድ ወደ ሳም ፊሊፕስ ስቱዲዮ ሲመጣ የጊታሪስቱ የዊሊ ኪዛርት አምፕ ተጎድቶ ደረሰ። አተራረኩ ይለያያል፤ ከመኪና ወደቀ የሚል አለ፣ ዝናብ መታው የሚል አለ። ለጥገና ጊዜ አልነበረምና ስፒከሩን በወረቀት ወትፈው «ሮኬት 88»ን ቀዱ። ጊታሩ ይንበጫበጫል፤ ሰው ወደደው። በ1958 ሊንክ ሬይ ያንን ድምፅ ፈልጎ የገዛ አምፑን ስፒከር በሳሳ። «ራምብል» የተባለው ቅንብሩ አንድም ቃል የሌለው ሆኖ ሳለ አንዳንድ ሬዲዮ ጣቢያዎች ማገዳቸውን ስሰማ ብዙ ሳቅሁ። በ1961 በወጣው የማርቲ ሮቢንስ ዘፈን ላይ ደግሞ የግሬዲ ማርቲን ቤዝ ጊታር ናሽቪል ስቱዲዮ ውስጥ ባለ ብልሹ ትራንስፎርመር አልፎ እንደ ንብ ጮኸ። የድምፅ ባለሙያው ግሌን ስኖዲ ብልሽቱን ከመጣል ይልቅ በትራንዚስተር መልሶ ሠራውና ጊብሰን በ1962 ማይስትሮ ፈዝ ቶን ብሎ ሸጠው። ሦስት ዓመት ያህል ብዙም ገዢ አልነበረውም። በ1965 ሮሊንግ ስቶንስ «ሳቲስፋክሽን» ላይ ሲጠቀሙበት ግን ከየመደብሩ አለቀ።

ከነዚህ ሁሉ እኔን የያዘኝ የለንደኑ ልጅ ነው። ዴቭ ዴቪስ በ1964 ዕድሜው 17 ነበር። ኤልፒኮ የምትባል ትንሽ ርካሽ አምፕ ነበረችው። ተናደደ፣ ምላጭ አነሳ፣ የስፒከሯን ወረቀት ተረተረ። ብዙ ጊዜ የሚተረከው እዚህ ድረስ ነው። ዋናው ነገር ግን ቀጥሎ ያደረገው ነው፤ የትንሿን አምፕ ውጤት ወሰደና ቮክስ ኤሲ 30 ወደተባለው ትልቅ አምፕ መግቢያ ሰካው። ትንሿ ታሻክራለች፣ ትልቁ ያጎላዋል። የኪንክስ «ዩ ሪሊ ጎት ሚ» ድምፅ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ሳነብ ይህን ልጅ በተሻለ ዕቃ ሲደግሙት ነው የማየው። ማሻከርና ማጉላት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ለየብቻቸው ሊሠሩ ይችላሉ። እኔ ያኔ ማታ ሁለቱንም በአንድ ቁልፍ ልሠራ ነበር የሞከርኩት።

በአንድ ቁልፍ የሠሩትም አሉ፣ ታሪኩ ያከበራቸው። የከበሮ መምህር የነበረው ጂም ማርሻል ምዕራብ ለንደን ሃንዌል ሱቁ ውስጥ በ1962 ከኬን ብራንና ከወጣቱ ዳድሊ ክሬቨን ጋር የፌንደር ባስማንን ንድፍ ወስዶ በእንግሊዝ ዕቃ ሠራው። ከአሜሪካ የሚመጣው ውድ ነበርና። ንድፉ ያው ነው ማለት ይቻላል፤ የመጀመሪያውን ቫልቭ ግን የበለጠ በሚያጎላ ተኩት፣ ስፒከሮቹንም የተዘጋ ሣጥን ውስጥ ከተቱ። በነዚህ ትንንሽ ለውጦች ንጹሑ ባስማን ቶሎ የሚሻክር ማርሻል ሆነ። በ1966 ኤሪክ ክላፕተን ከጆን ሜያል ጋር ሲቀዳ እንደ መድረክ ጮክ አድርጌ ካልሆነ አልጫወትም ብሎ የስቱዲዮውን ሰዎች አስጨነቀ። በሽፋኑ ላይ የልጆች መጽሔት እያነበበ የተነሣው፣ የጊታር ሰዎች ዛሬም እንደ መለኪያ የሚጠሩት አልበም ከዚህ ወጣ። ድምፁ ድንቅ ነው። ዋጋው ግን ጩኸት ነው፤ ዘመኑ ጆሮውን እንዴት እንደከፈለ እኛ ሐኪሞቹ እናውቃለን።

ስለ ዋጋው ቁጥር ልስጣችሁ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም የሚመክረው ወሰን 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ 15 ደቂቃ ይቀራል፤ 110 ላይ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ትዊን ሪቨርብ 7 ላይ ሆኖ፣ በአንድ ሜትር ርቀት 110 ማለፍ አያቅተውም። «ታዲያ ኃይሉን ቀንሱለት» ትሉኝ ይሆናል። ችግሩ ጆሮ በሎጋሪዝም መቁጠሩ ነው። ዋቱን በግማሽ ብትቀንሱ የምታገኙት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ከአራቱ የኃይል ቫልቮች ሁለቱን የሚነቅሉ ሰዎች አሉ፤ ትርፉ ይችው 3 ናት። ድምፁ በጆሯችን ግማሽ ያህል እንዲመስል ዋቱ ወደ አንድ አሥረኛ መውረድ አለበት፤ 85ቱ ወደ 8.5።

ይህን በጉልበት የፈታው ቶም ሾልዝ ነው። ቦስተን የተባለው ባንድ መሪ፣ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ምሩቅ፣ ፖላሮይድ ኩባንያ ውስጥ የሠራ መሐንዲስ። በ1980 አካባቢ ፓወር ሶክ የተባለ ሣጥን አወጣ፤ በአምፑና በስፒከሩ መካከል ይገባና የኃይሉን አብዛኛውን ክፍል ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። አምፑ እስከ ጣሪያው ይሠራል፣ ስፒከሩ ግን ያንሾካሹካል። ይሠራል፤ ግን አሮጌ አምፕን ሁልጊዜ በሙሉ ጉልበት ማስሮጥ ነው። ለኛ ትዊን አልመኘውም። የካሊፎርኒያው ራንዳል ስሚዝ ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻ ትንሿን ፌንደር ፕሪንስተን ከፍቶ የባስማን ሆድ ዕቃ ከተተባት፤ ቀጥሎም ቫልቮችን አንዱ ሌላውን እንዲገፋ ደርድሮ፣ መጨረሻ ላይ የጠቅላላውን ድምፅ የሚቀንስ ቁልፍ አኖረ። ሜሳ ቡጊ የተባለው አምፕ የመጣው ከዚህ ነው። የዴቪስ ሐሳብ በአንድ ሣጥን ውስጥ ገባ ማለት ነው። ብቻ አምፕ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። የቫልቭ አምፕ ውስጥ ደግሞ ከ400 ቮልት በላይ አለ፤ ከሶኬቱ ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ይዘውት ይቆያሉ። ቀዶ ጠጋኝ ጓደኞቼ፣ እናንተንም ጨምሮ፣ እባካችሁ እንዳትከፍቱት።

የቀረው መንገድ ከአምፑ በፊት ያለው ነው። እዚህ ላይ ታሪኩ በጣም የሚያስተምር ሆኖ አግኝቸዋለሁ፤ ለዚህም ነው ቀስ ብዬ የምሄደው።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ዳላስ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ሬንጅማስተር የሚባል ሣጥን ይሸጥ ነበር። አምፕ ላይ የሚቀመጥ፣ አንድ የጀርማኒየም ትራንዚስተር ብቻ ያለው ነገር። የሚሠራው ቀላል ነው፤ ቀጭኑን የድምፅ ክፍል ያጎላል፣ ወፍራሙን ግን ብዙም አይነካውም። ለመሻከር ቀጭኑን መጨመር ግራ ያጋባል አይደል? እኔንም አጋብቶኛል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ የጊታር ወፍራም ክር ትልቅ ሞገድ አለው። ሁሉም ነገር እኩል ቢገፋ መጀመሪያ ቫልቩን የሚሞላው ወፍራሙ ነው፤ ያኔ ድምፁ ጭቃ ይሆናል። ወፍራሙ ቀድሞ ከተቀነሰ የሚሻክረው መካከለኛውና ላይኛው ይሆንና ጥርት ብሎ ይወጣል። አየርላንዳዊው ሮሪ ጋላገር ይህን ሣጥን ከቮክስ ኤሲ 30 ጋር ተጠቀመበት። የኩዊኑ ብራያን ሜይም በተመሳሳይ ማጉያ ኤሲ 30ን እየገፋ ነው ያንን እንደ ዘማሪ ጓድ የሚሰማ ድምፅ ያወጣው። (ሜይ ለባንዱ ሲል ያቋረጠውን የአስትሮፊዚክስ ዶክትሬት ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ በ2007 ኢምፔሪያል ኮሌጅ ገብቶ ጨረሰ። ቴሲሳችሁን መሳቢያ ውስጥ ለረሳችሁ።)

ቀጥሎ ጃፓን። በ1979 አይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር የተባለውን አረንጓዴ ፔዳል አወጣ፤ ንድፉ የሱሱሙ ታሙራ ነው። ስሙ ቲዩብ ይበል እንጂ ውስጡ ቫልቭ የለም፤ አንዲት ቺፕና ሁለት ዳዮዶች ናቸው ሥራውን የሚሠሩት። ከማሻከሩ በፊት ከ720 ኸርዝ ገደማ በታች ያለውን ይቀንሳል። ካሻከረ በኋላ ደግሞ ከላይ ያለውን ስል ነገር ያለዝባል። የሚቀረው መካከለኛው ነው፤ የሰው ልጅ አፍ ብዙ የሚናገርበት ክልል። ይህ ፔዳል ከፌንደር ጋር የተስማማበት ምክንያት እዚህ ላይ ይገለጣል። የ1960ዎቹ ፌንደሮች የቃና ቁልፎች በተፈጥሯቸው መካከለኛውን ያጎደጉዳሉ። ንጹሕ ሲሆን ያማረ ነው፤ ሲሻክር ግን ከላይ ፍሽፍሽ፣ ከታች ጉምጉም፣ መሐሉ ባዶ። ስክሪመሩ ጉድጓዱን ይሞላዋል። ቴክሳሳዊው ስቲቪ ሬይ ቮን በ1980ዎቹ ይህንኑ በፌንደር አምፖች ፊት አስቀምጦ ዓለምን አስደመመ።

እዚህ ላይ ግን አብዛኞቻችን የምንወድቅባት ወጥመድ አለች። የቮን አቀማመጥ ብለው ሰዎች የሚነግሯችሁ «ድራይቩን ዝቅ፣ ሌቭሉን ከፍ» የሚል ነው። ልክ ነው፣ ለሱ። የሱ አምፖች ቀድመው እስከ ድንበራቸው የተከፈቱ ነበሩ፤ ፔዳሉ የሚያስፈልጋቸውን የመጨረሻ ግፊት ብቻ ይሰጣል። እኔ ይህንኑ ትዊን 3 ላይ አድርጌ ሞከርኩት። ምን ሆነ? ንጹሑ ይበልጥ ጮኸ። ትዊን 3 ላይ ሆኖ ከድንበሩ ሩቅ ነው፤ ብትገፉት የሚሻክር ነገር የለውም። ስለዚህ በዝቅተኛ ድምፅ ማሻከሩን ሙሉ በሙሉ ፔዳሉ መሥራት አለበት፤ አምፑ የዴቪስን ትልቁን ቮክስ ሆኖ ማጉላት ብቻ ነው ያለበት። ድራይቩ ግማሽ ገደማ፣ ሌቭሉ ፔዳሉ ሲበራና ሲጠፋ ድምፁ እኩል የሚሆንበት ቦታ። ከዚያም የራንዳል ስሚዝን ትምህርት ተዋስኩ፤ አንድ ፔዳል በጣም ከማሻከር ሁለት ፔዳሎች ጥቂት ጥቂት ቢያሻክሩ ጠርዙ ይለሰልሳል። አምፑ ላይ ባሱን 2፣ መካከለኛውን 8፣ ትሬብሉን 4 አደረግሁ፣ ብራይት የሚለውን ማብሪያ አጠፋሁ። የመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው ሳሎን ውስጥ ልጄ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ስለ ጆሮ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም፤ ልማድ ነው። በ1978 ዴቪድ ኬምፕ ለንደን ውስጥ ጤነኛ ጆሮ ድምፅ መቀበል ብቻ ሳይሆን መልሶ እንደሚያወጣ አሳየ። ኮክሊያ ውስጥ ያሉት የውጪዎቹ የፀጉር ሴሎች ራሳቸው ማጉያ ናቸው፤ ደካማውን አብዝተው፣ የበረታውን አሳንሰው ያጎላሉ። እና እንደማንኛውም ማጉያ ያዛባሉ። ሁለት ድምፅ ስንሰጣቸው ያልሰጠናቸውን ሦስተኛ ድምፅ ይመልሳሉ፤ የመጀመሪያው እጥፍ ሲቀነስ ሁለተኛው። ሕፃን ገና እንደተወለደ መስማቱን ከምንፈትሽባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው፤ ጆሮው ካላዛባ ያሳስበናል። የተገፋ የጊታር አምፕም ያንኑ ሒሳብ ይሠራል። 110ና 165 ኸርዝ አብራችሁ ብትመቱ 55 ይወጣል፤ ከሁለቱም ጋር የሚስማማ፣ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ። ሮክ ተጫዋቾች ሁለት ኖታ ብቻ የሚመቱት ለዚህ ነው። 110ን ከ138.6 ጋር ብትመቱ ግን 28.6 እና 81.4 ይወጣሉ፤ ከማንም ጋር አይስማሙም፣ ይጣላሉ። ሙሉ ኮርድ በሻካራ ድምፅ ጭቃ የሚሆንበት ምክንያት ይኸው ነው። የኛ ዜማ ግን ባብዛኛው በነጠላ መስመር የሚሄድ ስለሆነ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ትዝታ ላይም ባቲ ላይም ጊታሩ ቢሻክር ዜማው አይጠፋም። በገናም ቢሆን ያ እንደ ንብ የሚንበጫበጭ ድምፁ የመጣው በክሩና በመቀመጫው መካከል ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዝራ ነው። ሠሪዎቻችን ንዝረቱን አስበውበት አስገቡት፤ ስፒከር መቅደድ አላስፈለጋቸውም።

ጆሮዬ ውስጥ የሞቱት ሴሎችም እነዚሁ የውጪዎቹ ናቸው። አይመለሱም። ሲጸጥ፣ በተለይ ሌሊት ዋርድ ላይ ሁሉም ሲተኛ፣ ፉጨቷን እሰማታለሁ።

አሁን ወደ ዘንድሮው ምሽት። ያለፈው ጊዜ ሌላም ጥፋት ነበረብኝ፤ አምፑን ወለል ላይ፣ እግሬ ሥር አስቀምጬው ነበር። ባለ 12 ኢንች ስፒከር ቀጭኑን ድምፅ እንደ ባትሪ ብርሃን ወደ ፊቱ ብቻ ይወረውራል። እኔ ከላይ ቆሜ ድምፁ ድፍን መስሎ ስለተሰማኝ ትሬብሉን ጨመርኩ፤ ያ ሁሉ ሳልሰማው በጉልበቴ ሥር አልፎ የፊት ጠረጴዛዎቹ ላይ አረፈ። ዘንድሮ አምፑ ወደኋላ ጋደል ብሎ ወደኔ ጆሮ ይዞራል፤ የሚያስከፋ ከሆነ መጀመሪያ የምከፋው እኔ ነኝ። ቮልዩሙ 3። ሁለቱ ፔዳሎች አሉኝ። አንስቴዚዮሎጂስቱ ቤዝ ተጫዋቻችን የስልኩን የድምፅ መለኪያ ከፍቶ ሊቆጣጠረኝ ተስማምቷል፤ ከ90 ካለፍኩ እጁን ያነሳል። አምፑ የአሜሪካ ስለሆነ 220ውን ወደ 120 የሚያወርደውን ትራንስፎርመር እኔ አመጣለሁ፤ አምፑን የሚሸከሙ ሁለት ጎበዞች ግን ከ10 ሰዓት በፊት በር ላይ እንድታገኙኝ እለምናለሁ። ፕሮፌሰራችን ደግሞ ስልክ ደውዬላቸው እመጣለሁ ብለዋል፤ ከአምፑ አቅጣጫ ወጣ ያለ፣ ለበሩም ቀረብ ያለ ጠረጴዛ እንዲያዝላቸው ለኮሚቴው ነግሬያለሁ።